የጣይቱ ብርድ

የጣይቱ አርባ የወጣ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ቀርቦ፣ እዚሁ ሮም ተወልዳ ያደገች አንዲት ቀበጥ «እትዬ ብርዴ፣ ነፍሷን ይማር፤ በአጎስቶ፣ በዚያ ሐሩር፣ ካፖርት ደርባ ስትሄድ እናያት ነበር እኮ» አለችና አጠገቧ ያሉትን በሳቅ አፈረሰቻቸው። ወጣቶቹ ከዚያ በጣልያንኛ ቀጠሉ። አንዱ እጁን እያሻሸ «ሴምፕሬ ፍሬዶ፣ ሴምፕሬ ፍሬዶ» ይላል። ሁልጊዜ ብርድ፣ ሁልጊዜ ብርድ ማለቱ ነው።

እኔ ዓለም እባላለሁ። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያን ቀን ግን የሙት ቤት ጠብ አያምርም ብዬ ዋጥ አደረግሁት። የዋጥኩት አልፈጭ ስላለኝ ነው አሁን የምናገረው። ሳቁ አይደለም ያናደደኝ፤ ጣይቱ ራሷ ብትኖር ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር። ያናደደኝ ብርዱ ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከፈላት ሳያውቁ መሳቃቸው ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ደርግ ወድቆ ዓመትም ሁለት ዓመትም ባለፈው ጊዜ፣ እኛ ሮም የነበርን ሴቶች አብዛኞቻችን ፊሳ ነበርን። ፊሳ ማለት የምትሠሪበት ቤት ውስጥ የምታድሪ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ልጅ ታጥቢያለሽ፣ የሰው ሽማግሌ ታነሺያለሽ፣ የሰው ውሻ ታዞሪያለሽ፤ ያንቺ የሆነው ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ ብቻ ነው። ታዲያ ሐሙስ ከሰዓት የት ይኬዳል? ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ቆመን መዋል ሲሰለቸን፣ ተሰባስበን ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራየን። ስሙን «የሐሙስ ቤት» አልነው።

ያን ቤት እስከ ዛሬ በሕልሜ አየዋለሁ። ሐሙስ እስኪደርስ በአንድ እግራችን ቆመን ነበር የምንጠብቀው። የምሳውን ሳህን አጥበን፣ ሽርጡን ምስማር ላይ ጥለን፣ በአውቶቡስ ተጋፍተን እንመጣለን። የቀደመችው በር ትከፍታለች፣ የተከተለችው ድስት ትጥዳለች። ጫማ ይወልቃል፣ ያበጠ እግር ሙቅ ውሃ ባለው ሳፋ ይነከራል፣ ወሬው ይጀመራል። የማን ሲኞራ እንቁላል ቆጥራ ፍሪጅ እንደምትዘጋ፣ የማን ሲኞር ጥርሱን ብርጭቆ ውስጥ ረስቶ ተሰረቅሁ ብሎ ፖሊስ እንደጠራ። ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ከዚያ አንዷ ከአገር ቤት የመጣ ካሴት ትከትና ሁላችንም ጸጥ እንላለን፤ እያንዳንዷ እናቷን ወይ ልጇን እያሰበች። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቤቱ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗል፤ ሻንጣ የሚጎትቱ ቱሪስቶች ይገቡበታል። እዚያ በር ላይ ቆሜ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

ጣይቱ የዚያ ቤት ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ሳምንቱን በሻሽ ታፍኖ የከረመ ጸጉራችንን የምትፈታው፣ ቅቤ የምትቀባው፣ የምትጎነጉነው እሷ ናት። ጉልበቷ መሀል ትቀመጪያለሽ፣ ራስሽን ጭኗ ላይ ትጥያለሽ፣ ጣቷ ማበጠሪያውን ቀድሞ ሲሄድ እንቅልፍ ይወስድሻል። ብዙዎቻችን ሳምንት ከሳምንት ሰው በፍቅር የሚነካን በዚያ ሰዓት ብቻ ነበር። ሌላ ሰው ብንነካም ለማጠብና ለማልበስ ነው፤ እኛን የሚነካን የለም። አሁን ሳስበው የሐሙስ ቤትን የሐሙስ ቤት ያደረገው ወጡም ካሴቱም አይደለም፤ የጣይቱ እጅ ነው።

ሰላምታዋም እንደዚያው ነው። ከበሩ ጀምራ አንገት አቅፋ፣ ጉንጭ ለጉንጭ እያገላበጠች፣ «እንዴት ነሽ፣ እንዴት ከረምሽ፣ አለሽልኝ» እያለች እስክትጠግብ ትስማለች። እንግዳ ብትሆኚም አትለቅሽም። ደብረ ብርሃን ነው የተወለደችው። እኛ በጥር ከማሞቂያው ስንጣበቅ እሷ መስኮት ትከፍታለች። «ብርድ እኮ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ አብረን ነው ያደግነው» ትል ነበር። ሴትዮዋን ያኔ ያያት ሰው ብርዴ ተብላ ትሞታለች ብሎ አያስብም።

ባሏ ወታደር ነበር፤ ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። ሳምራዊት የምትባል ልጇን፣ ገና ራሷን ችላ የማትበላ ሕፃን፣ ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ልጅቷን ማምጣት ነበር ሐሳቧም ጸሎቷም። ተርሚኒ ጥግ ካለው የስልክ ቤት እሑድ እሑድ ትደውላለች፤ ከዚያ ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ይመጣል። «ልጄ ድምፄን እንጂ ፊቴን አታውቀውም» አለችኝ አንድ ቀን።

የምትሠራው የሀብታሞቹ ሰፈር ፓርዮሊ ነበር፣ ሲኞራ ኤልቪራ የምትባል አሮጊት ዘንድ። ሲኞራዋ ግልፍተኛ ነበረች፤ ጣይቱን ግን ትወዳት ነበር፣ ጣይቱም ትወዳታለች። አንድ የጣልያን ክረምት ጠዋት ሲኞራዋ የጣይቱን እጅ እንደያዘች ሞተች። ልጆቿ ሚላኖ ስለነበሩ፣ ጣይቱ ዓይኗን ገጠመች፣ ገላዋን አጠበች፣ አለበሰች፣ ልጆቿ እስኪደርሱም እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። ባዳ ናት ብላ ብቻዋን አልተወቻትም። ይህን ሁሉ የነገረችን ቆይታ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በመጣው ሐሙስ በሩ ላይ ልስማት አንገቴን ብሰጣት ወደ ኋላ አፈገፈገች። «ጉንፋን ይዞኛል» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም ጉንፋን። በሦስተኛውም። ከዚያ ጓንት ለብሳ መጣች፤ ቤት ውስጥም አታወልቀውም። ጉርሻ ብትሰጫት አፏን ትዘጋለች። ሹሩባ ሥሪኝ ያለቻትን «እጄን ያመኛል» ትላታለች። እኛ ምን አልን? ኮራች አልን። ፓርዮሊ ገብታ፣ የሲኞራ ሐር ነክታ፣ እኛን ተጸየፈች አልን። በኛ አገር ሰላምታ የነሳ ሰው ሌላ ምን ይባላል? አይ እኛ።

ቆይቶ ደግሞ መንቀጥቀጡ ጀመረ። አፕሪል መጥቶ፣ ማጆ፣ ማለት ግንቦት፣ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ እጅጌ ጉርድ ለብሶ፣ እሷ በካፖርት ላይ ነጠላ ደርባ ጥርሷ ይፋጫል። ከሳች። ያኔ ሐሜቱ ተቀየረ። በዚያ ዘመን የከሳ ሰው ሲታይ ሰዉ በሹክሹክታ ስም ሳይጠራ «ያ በሽታ» ይል ነበር። የጠጣችበትን ብርጭቆ ለብቻ ያስቀመጠች ነበረች፤ ስሟን አልጠራም፣ ሞታለች። ሐኪም ቤት ሄደች ጣይቱ። ደሟን ወሰዱ፣ ሳንባዋን አነሡ፣ ምንም የለም። አፍሪካዊት ናት ብለው ወባ ፈለጉባት፤ ደብረ ብርሃን ወባ የለም ብትላቸው ማን ይስማት። በመጨረሻ ቴርሞሜትሩን አሳይተው «ትኩሳት የለብሽም» አሏት። «ትኩሳት አለብኝ መቼ አልኩ፤ ብርድ ነው ያለብኝ» ብላ ወጣች።

አንድ ሐሙስ፣ ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ትንዘፈዘፋለች። ማንም አጠገቧ አልሄደም። ደሜ ፈላ። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ። «ምን አድርገንሻል? በምን ተጸየፍሽን?» አልኳት። ጓንቷን ሞሽልቄ አወጣሁና እጇን ጨበጥኩት። እጇ በላብ ርሷል እንጂ ቀዝቃዛ አልነበረም።

ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። የእጅጌዬን ጫፍ ይዛ ወደ መታጠቢያው ጎተተችኝ፤ ሙቅ ውሃውን እስከ ጥግ ከፍታ «እሺ ታጠቢ፣ በሞቴ ታጠቢ፣ ወደ ክንድሽ ሳይወጣ ታጠቢ» ትላለች። ሳሙናውን እንኳ በእጇ ልትሰጠኝ አልፈለገችም፤ ወረወረችልኝ። እጄ እስኪቀላ ታጠብኩ። እሷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ «ዓለሜን ገደልኳት» እያለች ታለቅሳለች።

ከዚያ ተናገረች። ሲኞራዋ በሞተችበት ሰዓት የሬሳው ብርድ በመዳፏ ገብቶ፣ በክንዷ ወጥቶ፣ ጀርባዋ ላይ ከትከሻዋ መሀል ተቀምጧል። ይሰማታል፤ ሲንቀሳቀስ ታውቀዋለች። የነካችው ሰው ሁሉ ይወርሰዋል። ማስረጃም አላት፦ በቀብሩ ዕለት የሕንፃው በር ጠባቂ፣ ፖርቲዬሬው፣ ጤነኛ ጎልማሳ፣ እጇን ጨብጦ «ኮንዶሊያንሴ» ብሎ አጽናናት፤ ሳምንት ሳይሞላ ግማሽ ጎኑ ደርቆ ወደቀ። «እናንተን ያልሳምኳችሁ ስለምወዳችሁ ነው» አለች። እኛ ኮራች ያልናት ሴት እኛን ስትጠብቀን ነው የከረመችው።

አሁን ወደኛ ስህተት ልምጣ። ይህን ያለችው ለጣልያን ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን መታመሟን ያውቅ ነበር። እኛ ግን አላወቅንም። ምክንያቱም የተናገረችው ከአያቶቻችን አፍ የሰማነውን ነው። ሬሳ የነካ ይታጠብ፤ ከቀብር መልስ እጅሽን ሳትለቃለቂ ቤት አትግቢ። ሐሳቧ እንግዳ ቢሆን፣ በሬድዮ ይናገሩኛል፣ ጠላት በግድግዳ ያየኛል ብትል፣ «ወይኔ አእምሮዋ» እንል ነበር። ሙት ተጣባኝ ስትል ግን «እውነቷን ነው» አልን። በራሳችን ቋንቋ ታመመችና ሳናውቅላት ቀረን።

ከሁላችንም ታላቅ እትዬ አመተ ማርያም ነበሩ፤ የቤቱ ቁልፍም ፍርዱም በሳቸው እጅ ነው። አንጀተ ርኅሩኅ ናቸው፤ ጣይቱን እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩዋት። «የሙት ብርድ ነው፤ ይህንን የሚያወጣው ጠበል ነው» አሉ። ከአገር ቤት በጀሪካን የመጣ ጠበል ነበረን፤ እንዳይበላሽ ብለን ፍሪጅ ውስጥ ነው ያኖርነው። ጣይቱን ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ከራሷ ጀምረው ለቀቁባት። ከንፈሯ ጠቆረ፣ መንጋጋዋ ተቆለፈ። «እትዬ፣ በርዷት የምትሞተውን ሴት በበረዶ ይፈውሷታል?» ብዬ ጮህኩ። «አንቺ ዝም በይ፤ ለቆ ሊሄድ ሲል ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጣት» አሉኝ። እኔ ጠበል አልናቅሁም፤ የተጠመቅሁ ክርስቲያን ነኝ። ግን እግዜር ጠበሉ ከፍሪጅ ይሁን ያለበትን ቦታ አላነበብኩም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሴቶቹ ተመካከሩ። አገር ቤት ትግባ፣ ጠበል ቦታ ትክረም፣ ቲኬቱን እኛ አዋጥተን እንግዛላት አሉ። ደግነት ነው፤ ሰው ሲታመም ሁሌም የምናደርገው ነው። ጣይቱ ከጥጓ ሆና «ሳምራዊትስ?» አለች። የልጅቷ ኑላ ኦስታ፣ ማለት እናቷ ዘንድ ትምጣ የሚለው ፈቃድ፣ እየተጠናቀቀ ነበር። ጣይቱ ጣልያንን ለቃ ከሄደች ፔርሜሶዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ይሞታል፤ ፔርሜሶዋ ከሞተ የልጅቷም ነገር አብሮ ይቀበራል። «ከሄድኩ ልጄን አጣኋት፤ ከመጣች ደግሞ ነክቼ ልገድላት ነው» አለች። ሁለት በር ነው ያላት፣ ሁለቱም ወደ ገደል። እኔ ያን ቀን አፌን ከፈትኩ፤ ጣይቱን ከዚህ የሚያስወጣት በሬሳዬ ላይ ተራምዶ ነው አልኳቸው። እትዬ አኮረፉኝ።

መፍትሔው ካላሰብነው መጣ። እዚህ ለትምህርት የመጡ አባ ፊልጶስ የሚባሉ ቄስ ነበሩ፤ የእምድብር ሰው፣ ካቶሊክ። እትዬ «ካቶሊክ ናቸው እንጂ ደግ ናቸው» ነበር የሚሏቸው። ይጸልዩላት ብዬ ጠራኋቸው። መጡ፣ ጣይቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጧት፣ ተንበርክከው ጸለዩ። ረጅም ጸሎት ነው የጸለዩት። ከዚያ ተነሡና «አሎራ፣ እንግዲህ ጸሎቱን እኔ አላቋርጥም። ሐኪም ደግሞ እናንተ ትወስዷታላችሁ» አሉ።

«የትኛው ሐኪም? ምንም የለባትም ብለዋት የለ?» አሉ እትዬ።

«የሐሳብ ሐኪም።»

እትዬ ፊታቸው ተለወጠ። «አባ፣ አማኑኤል ልትወስዷት ነው በሉኛ። ልጄ አላበደችም።»

«አላበደችም፤ ታማለች። በእግሯ ገብታ በእግሯ ትወጣለች። ይህ ደግሞ ከእግዚአብሔር ጋር አያጣላም፤ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው» አሉ። ካህን ስለተናገሩት ብቻ ነው እትዬ ዝም ያሉት። እኔ ብዬው ቢሆን ጫማቸውን ይወረውሩብኝ ነበር።

ሐኪሟ ሴት ነበረች፣ ጸጉሯ ሽበት የጣለ፣ ቢሮዋ ውስጥ ሲጋራ የምታጨስ። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ጣይቱ ጣልያንኛ ታውቃለች፤ ይህን ግን በአማርኛ ካልሆነ መናገር አልሆነላትም። ዶቶሬሳዋ ቴርሞሜትር አላነሳችም። ብርዱ ከየት እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚብስ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደምታስብ ጠየቀቻት። ጣይቱ ሰው ሊነካት ሲቀርብ እንደሚብስ፣ ስለ ልጇ ስታስብ ደግሞ ከሁሉ እንደሚብስ ነገረቻት። ዶቶሬሳዋ ሲጋራዋን አጠፋች።

«ብርዱ እውነት ነው» አለች። «አይዋሹም፣ አያስመስሉም። ፍርሃት ሰውን ያንቀጠቅጣል፣ በላብ ያጠምቃል፣ አጥንት ድረስ ያበርዳል፤ እርስዎ ደግሞ ወራት ሙሉ ሌት ተቀን ፈርተው ነው የኖሩት። ከሙት መጣ የሚለውን ግን እኔ አላምንም። ዛሬ ይተዉት አልልዎትም። መድኃኒቱን እየወሰዱ ‹ምናልባት› ማለት ከቻሉ ይበቃኛል።»

ስተረጉም እኔ ደግሞ የራሴን ጨመርኩበት፤ ፖርቲዬሬው እኮ በቀን ሁለት ፓኮ የሚያጨስ ደም ብዛታም ነው፣ ብርድ አይደለም የጣለው፣ አስቢው እንጂ እያልኩ። ዶቶሬሳዋ አማርኛ ባታውቅም ርዝመቱን አየች። «ሲኞራ፣ እኔ ያልኩትን ብቻ» አለችኝ። ተዋረድኩ። ጣይቱ ግን ስታለቅስ አየኋት። ብርዱ እውነት ነው ያላት ሰው አልነበረማ። ጣልያኑ የለም ይላታል፣ እኛ የሬሳ ነው እንላታለን፤ በርዷታል ብቻ ያላት ሰው ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች።

መድኃኒቱ ተአምር አልሠራም። መጀመሪያ አደነዘዛት፣ አፏን አደረቀው፣ ፊቷን አሳበጠው። ሲያስነሳት እምቢ አልውጥም ትላለች፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ብርዷን አጥብቃ ይዛለች። አባ ፊልጶስ በስልክ ይለምኗታል፤ እኔ እሳደባለሁ። የሚገርመው እትዬ አመተ ማርያም ናቸው። «እንግዲያውስ አንዴ ከጀመረች አታቋርጥም» ብለው፣ እሑድ እሑድ በመስቀል ምልክት ባርከው ኪኒኑን የሚያስውጧት እሳቸው ሆኑ። ሥራም ተገኘላት፤ አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ውስጥ ልብስ መተኮስ። ሰው መንካት የለበትም፣ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው። «እግዜር ብርዳም ሴት የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል» ብላ ሳቀች። በዓመቱ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር፤ ሐሙስ ለሴቶቹ ስነግራቸው ሁሉም እልል አሉ።

ቀስ በቀስ ብርዱ የሚተዋት ቀን ይመጣ ጀመር። ጓንቱን ተወችው፤ እጇን ግን ኪሷ ውስጥ ነው የምትደብቀው። እኛን አትስምም። «ምናልባት የሙት ላይሆን ይችላል» ትላለች፤ ቀጥላ «ግን ቢሆንስ?» ትላለች። ዶቶሬሳዋ ትልቅ ነገር ነው አለች። እኔ ትልቅነቱ አልታየኝም፤ እኔ የምፈልገው ጭኗ ላይ ተኝቼ ጸጉሬን እንድትሠራኝ ነበር።

የሳምራዊት ቪዛ በሚቀጥለው ክረምት፣ እዚህ በጋ ሲሆን፣ ተመታ። ጣይቱ በደስታ ፈንታ ታመመች። ብርዱ ተመለሰ፣ ማንኪያ ከእጇ ይወድቃል። «አትምጣ በይልኝ። እናቴ ዘንድ ትደግ፤ በሕይወት ትኑርልኝ» አለችኝ። «ሴትዮ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የለመንሽው ምን ነበር?» አልኳት። «ስጠይቅ እጄ ንጹሕ ነበር» አለች። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን። ልጅቷ ትመጣለች። አየር ማረፊያ የምስማት እኔ ነኝ፣ የማቅፋት እኔ ነኝ፤ እናቷ ከኋላ ቆማ ታያታለች፣ ሌላው ቀስ እያለ ይሆናል። ጣይቱ አስማለችኝ። «ብትሮጥብኝ ያዥልኝ» አለች።

ፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ ሄድን። ሰው ሁሉ በላብ ተዘፍቋል፤ ጣይቱ በካፖርት፣ እጇ ኪሷ ውስጥ፣ ከኋላዬ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማኛል። የሚወጣው ሰው ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ቆይቶ የአየር መንገዱ ሠራተኛ እጇን የያዘቻት ቀጭን ልጅ ብቅ አለች፤ አዲስ ጫማ አድርጋለች፣ ዓይኗ ሰው ለሰው ይዘላል። አባቷን አላውቀውም፤ ግንባሯ ግን የጣይቱ ነው። እንደተማማልነው ወደ ፊት ወጣሁና እጄን ዘርግቼ «ሳምሪ» አልኳት።

ልጅቷ አየችኝ። የሴትየዋን እጅ ለቃ ሮጠች፣ ወገቤ ላይ ተጠመጠመች፣ ፊቷን ሆዴ ውስጥ ቀብራ «እማዬ» አለች። «እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ።» ፎቶ አይታለች፣ እርግጥ ነው፤ ግን ፎቶው የድሮ ነው፣ ሕመሙ የእናቷን ፊት ለውጦታል፣ እጄን ዘርግቼ የጠራኋት ደግሞ እኔ ነኝ። አይደለሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። እኔ ዓለም፣ ቃል አጥቼ የማላውቀው ሴት፣ ቃል አጣሁ። ልጅቷ በኔ ላይ ታለቅሳለች፣ እጄ አየር ላይ ቀርቷል።

ከኋላዬ «የኔ ናት» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ሳልል ክርን ጎኔ ላይ አረፈ፤ ለሳምንት ያመመኝ ክርን ነው። ጣይቱ ልጅቷን ከኔ ላይ ነቅላ ወሰደቻት። «እኔ ነኝ እናትሽ። እሷ አይደለችም። እኔን እይኝ፣ እኔን» ትላለች። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ግንባሯን ሳመች፣ ዓይኗን ሳመች፣ ጉንጯን አገላብጣ ሳመች፣ ተመልሳ ግንባሯን። ልጅቷ ድምፁን አወቀችው። በስልክ የምታውቀው ድምፅ ነው። ቀና ብላ አየቻትና አንገቷ ላይ ተንጠለጠለች።

ጣይቱ ትንቀጠቀጥ ነበር። ካፖርቱ እስኪርገበገብ ትንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ልደግፋት ቀረብኩ፤ አልፈለገችኝም። ልጅቷ ግራ ገብቷት «እማዬ፣ በርዶሻል?» አለቻት።

«አዎ፣ በጣም በርዶኛል» አለች ጣይቱ፤ ልጇን ግን አልለቀቀቻትም።